ደጅ ለሚውል ሰው የትኛው ልብስ ያዋጣል?

ሱሉልታ ክረምቱም በጋውም አይምርም። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ታገኛላችሁ። በዚያው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው።

እዚሁ ሦስት የስፌት መኪና ያላት ትንሽ ቤት አለችኝ። የምንሰፋው ደጅ ለሚውል ሰው ነው። ለጥበቃ፣ ለወተት አመላላሽ፣ ለከብት ጠባቂ፣ ለግንባታ ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ለሚወጡ ልጆች። ደንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ነው?» ነው። ሁለተኛው «የቱ ይሻላል?» ነው። የመጀመሪያውን እዚህ አልመልስም፤ የጨርቅ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ሁለተኛውን ግን ካየሁትና ከተማርኩት ልጻፍላችሁ። ልብስ ለማሰፋት ለሚያስብም፣ እንደኔ ትንሽ ቤት ከፍቶ ለመስፋት ለሚያስብም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። እኔ «የሚበረክት ልብስ» እና «ማንም ሳይበደል የተሠራ ልብስ» ስል ስለ አንድ ነገር ነው የማወራው። ለምን እንደሆነ ስፌቱ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ልብሱን የሚጨርሰው ምንድን ነው?

ከጨርቅ በፊት ይህን ጠይቁ። ልብስ ዝም ብሎ አያልቅም፤ የሚጨርሰው ነገር አለ። የወተት አመላላሹን ጃኬት ዝናብና የጀሪካን ክብደት ይጨርሱታል፤ ትከሻውና ጎኑ ቀድሞ ይሄዳል። የግንባታ ሠራተኛውን ሲሚንቶና ብረት ይበሉታል፤ ጉልበቱና ክርኑ ነው የሚሳሳው። ተራራ የሚወጣውን ልጅ የሚያስቸግረው ላብ ነው። ሽቅብ ሲሄድ ይሞቀዋል፤ አረፍ ሲል ላቡ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዝበታል።

የጥበቃው ጠላት ደግሞ እሳት ነው። ሌሊት በር ላይ ፍም ይዞ የሚያድር ሰው ጃኬቱን አንድ ቀን አገላብጣችሁ እዩት። ፖሊስተር ከሆነ ደረቱና እጅጌው ላይ ምስር የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉበት። ጠርዛቸውን በጣት ስትነኩት ይቆረቁራል፤ ቀልጦ የደረቀ ፕላስቲክ ነውና። ብልጭታ በወደቀ ቁጥር አንድ ቀዳዳ ይጨመራል። የከፋው ደግሞ የቀለጠው ነገር ቆዳ ላይ መጣበቁ ነው። እሳት አጠገብ ለሚያድር ሰው፣ የፈለገውን ያህል ቢረክስ፣ ከላይ የሚለበስ ፖሊስተር አልሰፋም። ጥጥ ወይም ሱፍ ነው የምለው።

ሳልባጅ፣ አዲስ ወይስ ማሰፋት?

ከሁሉ በፊት ቤታችሁ ያለውን አውጡና እዩት። ዚፑ የተበላሸ፣ ክርኑ የተቀደደ ጃኬት አልጋ ሥር ካለ፣ እሱን ማስጠገን ከሦስቱም ይበልጣል። አዲስ ጥጥ አይለማለትም፤ አዲስ ነዳጅ ወደ ፖሊስተር ክር አይቀየርለትም። እኔ ጋ ለጥገና የመጣ ሰው አዲስ ካላዘዝክ ብዬ አስጨንቄው አላውቅም።

ሳልባጅ ላይ ሁለት ሐሳብ ነው ያለኝ። ከቦንዳው ውስጥ አንዳንዴ የሚወጣው ካፖርት ዛሬ በአዲስ የማይገኝ ነው። ሱፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ገበሩ በወጉ የተሰፋ። በሌላ በኩል ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በሀገራችን የተከለከለ ነው፤ የሚገባው በኮንትሮባንድ ነው። አንዱ ምክንያት የሀገር ውስጡን ጨርቃ ጨርቅ ለመጠበቅ ነው፤ እኔም ከዚያው ወገን ነኝ። ሠፈር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውን፣ የወንድም የእህት የሆነውን ግን ተቀበሉ። ያገለገለ ጃኬት ስትቀበሉ ውስጡን ገልብጡት። የሚያጣብቅ ወይም እንደ ቅርፊት የሚላጥ ሽፋን ካለው ተዉት። ያ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ነው፤ እርጥበት በዓመታት ውስጥ ያፈራርሰዋል። አንዴ መላጥ ከጀመረ የትኛውም ልብስ ሰፊ አይመልሰውም። ዚፕ ይቀየራል፣ ኪስ ይጣፋል፣ ገበር ይተካል። የተላጠ ሽፋን ግን አይጣፍም።

አዲሱ ርካሽ ጃኬት የሚያጓጓው በዋጋው ነው። ርካሽነቱ ግን ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል። ያኔ ለግሉ ዘርፍ የተቀመጠ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ግድግዳው መሰንጠቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። የልብስ ሠራተኞቹ ግን ትእዛዙ መድረስ አለበት ተብለው ተመልሰው ገቡ። ጃኬት ባየሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ። አለማሰብ አልችልም።

ለኪስ የሚሆን ሒሳብም አለ። ዋጋውን ለክረምት አካፍሉት። ለምሳሌ አንዱ ጃኬት 1,500 ብር ሆኖ አንድ ክረምት ቢያገለግል፣ ክረምቱ 1,500 ወጣበት። ሌላው 6,000 ሆኖ ስድስት ክረምት ቢቆይ፣ አንዱ ክረምት በ1,000 ነው። በየመሃሉ ዚፕና መጣፊያ ቢጨመርበትም አይደርስበትም። ችግሩ ስድስቱን ሺህ በአንዴ ማውጣት ነው፤ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። እኛ ጋ ለጥበቃዎች በሦስት ወር ከፋፍለን የምንቀበለው ለዚህ ነው። እቁብ የደረሳቸው ቀን የሚመጡም አሉ።

ጨርቁ

ለጃኬትና ለሱሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ «ሸራ» ስትሉ የፕላስቲኩንም ያወጡላችኋል፤ «የጥጥ» ብላችሁ ጠይቁ። ጥጥ የሚገርም ጠባይ አለው። ሲረጥብ አይደክምም፤ እንዲያውም ክሩ ይጠነክራል። መርፌ በደንብ ይቀበላል። ሲቀደድ ይጣፋል። እሳት ሲያገኘው እንደ ፕላስቲክ አይቀልጥም።

ግን መቶ በመቶ ጥጥ መሆኑን በሻጭ ቃል አትመኑ። አንድ ጊዜ መርካቶ አንድ ጣቃ ገዝቼ ነበር። «ንጹሕ ጥጥ ነው» ተብዬ፣ በዓል ደርሶ ስለተጣደፍኩ ሳልፈትን ጭኜ መጣሁ። ቤት ስደርስ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት ለኮስኩበት። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ይነድ ነበር፤ የተቃጠለ ወረቀት ይሸትና በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል። ያ ክር ግን ተኮማተረ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ እንክብል ሠራ። ፖሊስተር ነበር። ሱፍ ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ ክብሪት ሳልይዝ ጨርቅ ተራ አልሄድም። ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንዲት ክር ብትፈትኑ ማንም አይቆጣችሁም። የሚቆጣ ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ውፍረቱንም በእጅ መዳሰስ ብቻ አይበቃም፤ ሙጫ የበላ ቀጭን ጨርቅ ወፍራም ይመስላል። ከጨርቁ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር አስተካክላችሁ ቁረጡና ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስመዝኑት። የመጣውን ግራም በ100 አባዙት። ያ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። ሦስት ግራም ተኩል ከሆነ 350 ማለት ነው። ሙጫውን ለመለየት ቁራጯን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደገና አስመዝኑ። እኔ ለጃኬት ከ300 እስከ 400 ግራም ባለው እሠራለሁ። ከ250 በታች ያለውን ለሸሚዝ ተዉት። ከ400 በላይ ሲሆን ለባሹም ይደክማል፣ መኪናውም ያቃስታል። ጣቃውንም ከመቁረጣችሁ በፊት ውሃ ውስጥ አሳድሩትና አድርቁት። ጥጥ ይሰበሰባል። ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ እጅጌው ክርን ላይ ይቀራል።

የጥጥ ጉድለቱ ሁለት ነው። ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥብ ጥጥ ለብሶ ነፋስ ላይ መቆም ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ሁለተኛው እርሻው ላይ ነው፤ ብዙ ውሃና ፀረ ተባይ ይፈልጋል። የእኛ ሀገር ጥጥ ከአዋሽ ሸለቆ፣ ከመተማ፣ ከሁመራ፣ ከኦሞ ይመጣል። አዋሽ ላይ በመስኖ ነው፤ መተማና ሁመራ በአብዛኛው በዝናብ ነው የሚለማው። ምርጫው ቢኖረኝ በዝናብ የለማውን እወስድ ነበር። በሜትር የሚሸጥ ጨርቅ ላይ ግን ጥጡ የት እንደበቀለ የሚነግር ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ እኔ ማድረግ የምችለው አንድ ሜትር ጥጥ ብዙ ዓመት እንዲያገለግል መስፋት ነው።

ለሙቀት ሱፍን የሚያህል የለም። ሱፍ ከክብደቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ተሸክሞ እንኳ ቆዳ ላይ እርጥብ አይመስልም፤ ሙቀቱንም ይዞ ይቆያል። በጉ ተሸልቶ ደግሞ ያበቅላል። አያቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል። የመንዝ ባና፣ ማለትም ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እና በርኖስ የተሠሩት ለዚሁ ብርድ ነው። በርኖሱን እዩት፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተደቀደቀ ሱፍ፣ ከትከሻ ወደ ታች ልቅ ብሎ የሚወርድ፣ ውሃው ሳይሰርግ የሚንሸራተትበት። አሮጌ ባና ካገኛችሁ ለጃኬት ገበር አድርጉት። አንገት ላይ ግን ይከረክራል፤ ኮሌታውን በስስ ጥጥ ሸፍኑለት። ከማስቀመጣችሁ በፊት ፀሐይ አስመቱት፤ ብል ይወደዋል።

ጋቢ ገበር ይሁን የሚሉኝም አሉ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን ሥራ በጣም ነው የምወደው። የጋቢ ሙቀት የሚመጣው በድርቡ መሃል ከሚታቀፈው አየር ነው። ለደረቅ ብርድ፣ ለታኅሣሥ ሌሊት፣ በጣም ጥሩ ነው። ለክረምት ግን አይሆንም፤ ውሃ ከጠጣ ለመሸከምም ይከብዳል። ዘላለም ውስጡ ተሰፍቶ ከሚቀር በቁልፍ የሚወጣና የሚገባ ብታደርጉት፣ ክረምት ሲገባ ጋቢውን አውጥታችሁ ጃኬቱን ብቻ ትለብሳላችሁ።

ፖሊስተርና ናይለንን ጠላት አላደርጋቸውም። ይቀላሉ፣ ቶሎ ይደርቃሉ፣ አይበሰብሱም። ናይለን መፋተግን በመቋቋም ከሁሉ ይበልጣል፤ ፀሐይ ላይ ግን ከፖሊስተር ፈጥኖ ይደክማል። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ እኛ ጋ ይህ ቁም ነገር ነው። የሁለቱም ሌላ ዕዳ በታጠቡ ቁጥር ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ ወደ ውሃ መልቀቃቸው ነው። የእኛ የአካባቢ ውሃ መጨረሻው ወንዝ ነው፤ ወንዙም አትክልት ያጠጣል። «ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ» የሚለው ጃኬት ሲያዩት ደስ ይላል። ግን ጠርሙስ ተመልሶ ጠርሙስ መሆን ይችላል፤ ጃኬት ከሆነ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ቆሻሻ ነው። ላብ ለሚያስቸግረው ተራራ ወጪ ከውስጥ የሚለበስ ስስ ፖሊስተር ይሁን። ለግንባታ ቱታም ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበትን ካኪ እጠቀማለሁ፤ ሲሚንቶን የሚችለው እሱ ነው።

ዝናቡን በምን እንመልሰው?

ብዙ ሰው «ጎርቴክስ ይሻላል አይደል?» ይለኛል። አዎ፣ ይህ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ አዲስ ሳለ በጣም ጥሩ ነው። አሜሪካዊው ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎንን፣ ምግብ እንዳይዝ መጥበሻ ላይ የሚቀባውን ፕላስቲክ፣ በፍጥነት በመለጠጥ ያገኘው ነገር ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ የላብ እንፋሎት ያሳልፋሉ፣ የውሃ ጠብታ አያሳልፉም። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ልሰፋው አልችልም። መርፌ የበሳው ሁሉ ውሃ ስለሚያስገባ ስፌቱ በሙሉ በልዩ ማሽን ቴፕ መለጠፍ አለበት። ሲቀደድም ሱሉልታ ላይ በወጉ የሚጠግነው የለም። ውጭው ላይ የሚቀባው ውሃ አንሸራታች ኬሚካልም ለረጅም ዘመን ከፍሎሪን ቤተሰብ ነበር፤ አፈርና ውሃ ውስጥ ገብቶ የማይበሰብስ ነገር ነው። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ እንዲህ ያለ ኬሚካል ያለበት አብዛኛው አዲስ ልብስ እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ አምራቾቹም እየተዉት ነው። ውሃ አንሸራታቹን በሚረጭ ጣሳ ስትገዙ ከፍሎሪን ነፃ መሆኑ የተጻፈበትን ፈልጉ።

እኔ የምጠቀመው ሰም ነው። እዚህ ላይ ሀብታሞች ነን። ከጠጅ ጣዮች የሚወጣው ሰፈፍ ሲነጠር ጥሩ ሰም ይወጣዋል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ታቀልጡታላችሁ፣ በጨርቅ ታጠሉታላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ከላይ ይረጋል። የመጀመሪያዎቹን ጃኬቶች በንጹሕ የንብ ሰም ብቻ ቀባኋቸው። ማታ ሳያቸው ልቤ ሞላ። ማር ማር ይሸታሉ፤ ውሃ ሲነካቸው እንደ ጎመን ቅጠል ያንከባልሉታል። አንዱን የወሰደ ወተት አመላላሽ ኅዳር ላይ ተመልሶ መጣ። በውርጭ ጠዋት ክርኑን ባጠፈ ቁጥር ሰሙ ተሰነጣጥቆ ነጫጭ መስመር ሠርቷል። እጅጌው እንደ ካርቶን ይንኳኳል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው፤ ብርድ ላይ ድርቅ ይላል። ብቻውን አይሆንም።

ቀጥሎ የተልባ ዘይት ሞከርኩ። ድሮ መርከበኞች የሸራ ልብሳቸውን የሚቀቡት በሱ ነበር። እነሱም በኋላ የተዉት ቢጫ ስለሚሆንና ስለሚደርቅ ነው። ከዚህ የሚብስ አደጋም አለው። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቅ በሞላበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አላስገባም፤ እናንተም አታስገቡ።

አሁን የምሠራበት ሁለት እጅ የሻማ ሰም፣ አንድ እጅ የንብ ሰም ነው። የሻማው ከነዳጅ የሚወጣ ነው፤ ይህን አልደብቅም። ግን መጠኑ ትንሽ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰሙን ጣሳ ውስጥ አድርጉ፤ ጣሳውን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥዱት። በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አሮጌ አንሶላ ደርባችሁ በካውያ ለስለስ አድርጋችሁ አስጠጡት። ከዚያ የእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አንድ ቀን ስቀሉት። ስፌቱ ላይ ሁለት ጊዜ ድገሙ። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምት ሳይገባ፣ እንደገና ይቀባል። በሙቅ ውሃና በሳሙና አይታጠብም፤ ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ ይነሣል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰም የጠጣ ጨርቅ ጧፍ ነው፤ ይነድዳል። እሳት አጠገብ ለሚያድር ጥበቃ ሰም አልቀባም። ሌላው፣ ሰም ካፊያና መካከለኛ ዝናብ ይመልሳል፤ የሐምሌን ዶፍ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለሚቀበል ሰው አይበቃም። ለሱ ከላይ የሚደረብ ሰፊ የላስቲክ ካባ ይጨመርለት። ልቅ ይሁን፤ የእረኞቹ ጌሳ አየር የሚያስገባው ልቅ ስለሆነ ነው።

ክርና ስፌት

ልብስ ከጨርቁ በፊት ስፌቱ ላይ ነው የሚፈታው። የጥጥ ክር ሲረጥብ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን ጭቃና እርጥበት ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጨርቁ ጥጥ ቢሆንም ክሩን ፖሊስተር አደርጋለሁ። ሁሉም ነገር ከተፈጥሮ ይሁን የሚሉ ወዳጆች ይወቅሱኛል። በክር ምክንያት ጃኬት ሙሉ ከሚጣል ግን ይህን እመርጣለሁ።

የጎንና የትከሻ ስፌት የጂንስ ሱሪ ላይ እንደምታዩት ይሁን። ሁለቱ ጠርዝ እርስ በርስ ይጠላለፋል፤ ከዚያ ሁለት መስመር ይሰፋል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 4 ስፌት ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ጨርቁን እንደ ወንፊት ይበሳዋል። አስቸጋሪው ቦታ ብብት ነው። አራት ስፌት እዚያ ይገናኛል፣ ጨርቁ ስድስትና ሰባት ድርብ ይሆናል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እዚያ ሲደርስ መኪናውን ያቆማል። ብብቱን ብረት ላይ ያስተኛና በትንሽ መዶሻ ሦስት አራቴ ይመታዋል። ጉብታው ይተኛል። ከዚያ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ፣ ጎማውን በእጁ እያዞረ፣ አንድ በአንድ ይሰፋዋል። ለአንድ ብብት አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ኪስ አፍ ላይም እንዲሁ፤ ጥግ ጥጉ ላይ መርፌው ተመላልሶ መምታት አለበት።

አሁን ከላይ ያልኩት ነገር ጋ ደረስን። ስጀምር የምከፍለው በቁራጭ ነበር። በሰፉት ልክ። ሁሉም እንደዚያ ስለሚያደርግ ጥያቄም አልነበረኝም። በዚያ ዓመት የሰፋናቸው ጃኬቶች ኅዳር ሳይደርስ ኪሳቸው ተገንጥሎ መምጣት ጀመሩ። ስመለከተው ጥጉ ላይ የሚመላለሰው ስፌት የለም። ብብቱ በአንድ መስመር ታልፏል። ልጆቹን ልቆጣ ስነሣ አንዱ ረጋ ብሎ «አምስት ደቂቃውን ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነበር። በቁራጭ የሚከፈለው ሰው መዶሻውን ባነሣ ቁጥር ከልጆቹ ዳቦ ላይ እየቀነሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ደመወዝ አደረግን። በቀን የሚወጣው ጃኬት ቁጥር ቀነሰ፤ ዋጋውም ከፍ አለ። አንዳንድ ደንበኛ ሄደብኝ። በስፌት ምክንያት የሚመለስ ጃኬት ግን ቀረ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልብስ ስታሰፉ «ሠራተኞቹ የሚከፈላቸው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም፤ የምትገዙት የሰውየውን ጊዜ ነው።

ቤት ለምትከፍቱ ደግሞ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡት። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሌሊት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ይከፈላል። የበዓል ሰሞን ይህን የሚያስረሳ ጥድፊያ ይመጣል። እኔ ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ትእዛዝ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ አልቀበልም። መብራትም ቁም ነገር ነው፤ ከመስኮት ርቆ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ማሰፋት ዓይን ማጥፋት ነው። መኪናን በተመለከተ፣ የኤሌክትሪኩ ይፈጥናል፣ አሮጌው የእግር ሲንጀር ደግሞ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ወፍራም ሸራ ላይም አይፈራም። ሁለቱንም ያዙ።

ዚፕ ከሆነ ጥርሱ ወፍራም፣ ሲበላሽ ጨርቁ ሳይቀደድ የሚፈታ ይሁን። ለጥበቃና ለእረኛ ከዚፕ ትልልቅ ቁልፍ ይሻላል፤ ቁልፍ ቢወድቅ ማንም ይተክለዋል። ክርን ላይ ቆዳ ማስለጠፍ የሚወድ አለ። እኔ ያንኑ ሸራ እደርባለሁ፤ ቆዳ ማልፊያው ብዙ ጊዜ በክሮም ነው፣ ፍሳሹም ለወንዝ አይበጅም።

እንግዲህ ለማን ምን? ለጥበቃ ሰም ያልነካው የጥጥ ሸራ፣ ውስጡ ባና፣ ለዶፉ የላስቲክ ካባ። ለወተት አመላላሽና ለከብት ጠባቂ በሰም የተቀባ ሸራ፣ ትከሻው ድርብ። ለግንባታ ድብልቅ ካኪ፣ ጉልበቱ ላይ ከውጭ የተደረበና ሲያልቅ የሚነቀል። ለተራራ ወጪ ከውስጥ ስስ ፖሊስተር ወይም ሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ቀለል ያለ ሸራ። ሕፃን ካላችሁ ምንም አዲስ አታሰፉ፤ የታላቁን አሳጥሩለት፣ ዘርፉን ግን አትቁረጡ፣ ወደ ውስጥ እጠፉት።

ልብሱን ስትረከቡ አንድ ነገር አትርሱ። የተረፈውን ቁራጭ ጠይቁ። ሁለት መዳፍ የምታህል ጨርቅና ከዚያው ክር ትንሽ ጥቅልል ትበቃለች። እኛ ውስጥ ኪስ ውስጥ ከትተን ነው የምንሰጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ ክርኑ ሲሳሳ፣ ቀለሙ ከልብሱ ጋር እኩል ያረጀ እንዲሆን ቁራጯንም ከልብሱ ጋር አብራችሁ እጠቡ፣ አብራችሁ ፀሐይ ላይ ስቀሉ።